ጄምስ ፓጄት፦ በጡት ጫፍ ቁስል ስር ካንሰርን ያዩት ሐኪም

በአንድ ጡት ጫፍ ላይ የወጣ፣ የሚያሳክክና የሚቀረፍ ቁስል ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ችፌ ይታያል። ታማሚዋ ቅባት ታዝዞላት ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ወራትም ያልፋሉ። ይህ ቁስል የካንሰር ምልክት ሊሆን እንደሚችል በጽሑፍ ያስረዱት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሰር ጄምስ ፓጄት ናቸው። በሽታው እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ፓጄት እ.አ.አ በ1814 በምሥራቅ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በግሬት ያርማውዝ ከተማ ተወለዱ። ቢራ ጠማቂና የመርከብ ባለንብረት የነበሩት አባታቸው 17 ልጆች ወልደዋል፤ ንግዳቸው ግን እየከሰረ ሄደ። ጄምስ በ16 ዓመታቸው ሙያውን እንዲማሩ ለከተማው ሐኪም ተሰጡ። በትርፍ ጊዜያቸው ዕፅዋት እየሰበሰቡ ያጠኑ ነበር። ሌላው ሰው ሳያስተውል የሚያልፈውን ነገር የማየት ልማዳቸው ከዚያ ዘመን የመጣ ይመስላል።

በ1834 ለንደን ወደሚገኘው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ለትምህርት ገቡ። በዓመቱ፣ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳሉ፣ በሚመረመር አስከሬን ጡንቻ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ተመለከቱ። ነጥቦቹን ሌሎችም አይተዋቸዋል፤ ምንነታቸውን የጠየቀ ግን አልነበረም። ፓጄት በሆስፒታሉ የሚበቃ ማይክሮስኮፕ ስላጡ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄደው በዕፅዋት ሊቁ በሮበርት ብራውን መሣሪያ አዩት፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ የተጠቀለለ ትል ነበር። ለትሉ ስም አውጥተው ዝናውን የወሰዱት ግን ሪቻርድ ኦወን ናቸው።

ከዚያ በኋላ ረጅም የድህነት ዓመታት መጡ። ፓጄት የሆስፒታሉን ሙዚየም እየጠበቁና ለሕክምና መጽሔቶች እየጻፉ ኖሩ፤ እጮኛቸውን ሊዲያ ኖርዝን ለማግባትም ስምንት ዓመት ጠበቁ። የአባታቸውን ዕዳ ከወንድማቸው ጋር በብዙ ዓመታት ከፍለው ጨረሱ። ኋላ የንግሥት ቪክቶሪያ ሐኪም እስከመሆን ደረሱ። በ1871 ግን አስከሬን ሲመረምሩ በያዛቸው የደም መመረዝ ከሞት አፋፍ ደርሰው ተመለሱ፤ የሆስፒታል ሥራቸውንም ለቀቁ።

ስማቸውን ያስጠራው አጭር ጽሑፍ የወጣው ከዚህ በኋላ፣ በ1874 ነው። ፓጄት 15 ያህል ሴቶችን በዓይነ ልቡና ከፊታቸው አሰለፉ። ሁሉም ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ፣ በጡታቸው ጫፍ ላይ የማይድን ቁስል ያለባቸው ናቸው። በሁሉም ላይ ቢበዛ በሁለት ዓመት ውስጥ የጡት ካንሰር ታየ። ካንሰሩ የተገኘው በቆሰለው ቆዳ ላይ ሳይሆን በጡቱ ውስጥ ሲሆን፣ በመካከላቸው ጤናማ የሚመስል ሥጋ ነበር። ፓጄት ይህን በጥንቃቄ መዘገቡ፤ የቆዳው መቆጣት ውስጡን አውኮ ካንሰሩን አመጣው ብለውም ደመደሙ።

ቅደም ተከተሉን በትክክል አይተው አቅጣጫውን ግን ገለበጡት። በዘመናቸው መሣሪያ ከዚህ በላይ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ዛሬ በስፋት ተቀባይነት ያለው አስተሳሰብ፣ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ካንሰሩ ከጡቱ የወተት ቧንቧ ተነሥቶ ወደ ቆዳው ይወጣል የሚል ነው።

ወደ ቆዳው የሚስበው ምንድን ነው? በእነዚህ ሕዋሳት ገጽ ላይ ኸር-2 የተባለ የእድገት ምልክት ተቀባይ ፕሮቲን በብዛት ይገኛል። ከጡት ካንሰሮች ሁሉ ይህ የሚታየው ከአምስቱ በአንዱ ገደማ ሲሆን፣ ብርቅ በሆነው የፓጄት በሽታ ግን በአብዛኞቹ ታማሚዎች ነው። የጤናማው ቆዳ ሕዋሳት የሚያመነጩት ሄሬጉሊን የተባለ ንጥረ ነገር ይህን የተቀባዮች ቤተሰብ ይቀሰቅሳል፤ የካንሰሩን ሕዋሳት ወደ ጡት ጫፍ የሚጠራውም እርሱ እንደሆነ ጥናት አመልክቷል። የሚገርመው፣ የፓጄት ልጅ ስቲቨን በ1889 የ735 የጡት ካንሰር ሟቾችን መዝገብ አገላብጠው፣ ካንሰር እንደ ዘር የሚበቅለው የሚስማማው አፈር ሲያገኝ ነው ብለው ነበር።

ሰር ጄምስ በ1899 ማብቂያ በ85 ዓመታቸው ለንደን ውስጥ ዐረፉ። ዛሬ ከጡት ጫፍ ቁስል ትንሽ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፤ ካንሰር ከተገኘም ኸር-2 መኖሩ ይታያል። ከጡቱ ውስጥ የተገኘው ወራሪ ካንሰር ይህ ተቀባይ ካለው፣ ተቀባዩን ለይቶ የሚይዘው ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል።