ራስ ዓሊ አሉላ፤ የወረሼህ ቤት የመጨረሻው ሹም

ከቆቦ ከተማ ተነሥቶ ሮቢትንና ጎብዬን አልፎ የአላውሃን ወንዝ ወደ ደቡብ የተሻገረ መንገደኛ የራያን ቆላ ትቶ ወደ የጁ ምድር ይገባል። ከዚህ ምድር የወጣ አንድ ቤተሰብ ሰባ ዓመት ለሚሆን ዘመን በጎንደር ዙፋን ላይ አንጋሽም አውራጅም ሆኖ እንደ ኖረ፣ ወልድያ እስኪደርስ ድረስ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። የዚህ ቤት የመጨረሻው ሹም ራስ ዓሊ አሉላ ነበረ። ስሙ የሚነሣው በአብዛኛው ድል ላደረገው ለካሣ ኃይሉ ታሪክ መግቢያ እንዲሆን ነው። ነገር ግን ሥልጣንን ለብዙ ዘመን የያዘ ቤት ሹሙን በምን መንገድ ይተካ እንደ ነበረ ለሚመረምር ሰው፣ የራስ ዓሊ ሕይወት ራሱን ችሎ ሊነገር የሚገባው ነው።

ወረሼህ ማለት የሼህ ወገን ማለት ነው። የአባ ሴሩ ጓንጉል ልጅ ትልቁ ራስ ዓሊ በ1776 ዓ.ም. ገደማ የእንደራሴነቱን ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ ሹመቱ ከዚያ ቤት ሳይወጣ ከዘመድ ወደ ዘመድ ሲተላለፍ ቆየ። የተጻፈ የአወራረስ ሥርዓት አልነበረም። ሹም ሲሞት የቤቱ ታላላቆች ተሰብስበው ይመክራሉ፤ ምክሩ ካልሰመረም ጦር ይለየዋል። ከሁሉም ረዥም ዘመን የገዛው ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መቀመጫው አድርጎ፣ ሴት ልጆቹን ለየአገሩ መሳፍንት እየዳረ ቤቱን አጸና። በ1817 ዓ.ም. እርሱ ከሞተ ወዲህ ግን ሞት በቤቱ ላይ ፈጠነ። ልጁ ይማም በ1820 ዓ.ም. ዐረፈ። ሁለተኛው ልጁ ማርዬ በየካቲት 1823 ዓ.ም. ከትግሬው ደጃዝማች ሰባጋድስ ጋር ደብረ ዓባይ ላይ ሲዋጋ ወደቀ፤ የየጁ ሠራዊት ግን አለቃውን አጥቶም ድሉን አገኘ፤ ሰባጋድስም ተማርኮ ተገደለ። ሦስተኛው ወንድም ዶሪ ጥቂት ወራት ብቻ ገዝቶ በዚያው ዓመት አለፈ። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ራሶች ተቀበሩ ማለት ነው።

ደብረ ታቦር ላይ የተሰበሰቡት ታላላቆች የጉግሣን የልጅ ልጅ ዓሊን መረጡ። ዕድሜው ከዐሥራ ሦስት ዓመት ብዙ አይርቅም ነበር። ይህ ምርጫ በሞኝነት የተደረገ አይመስለኝም። እያንዳንዱ ታላቅ ሌላው ታላቅ እንዳይሾምበት ይሰጋ ነበርና፣ ልጅ ቢሾም ማንም ለጊዜው አይሸነፍም። በራያ ቆላ በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ የሽማግሌ ጉባኤ ያየ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል፤ ጉባኤው የሚፈልገው ሁሉም የሚቀበለውን እንጂ ከሁሉም የሚበልጠውን አይደለም። ሹመቱ የልጁ ሲሆን ሥራው በሞግዚቶቹ በተለይም በእናቱ በወይዘሮ መነን ሊበን አመዴ እጅ ገባ። መነን የወሎ ባላባት ልጅ ነበረች፤ ኋላም አፄ ዮሐንስ ሣልሳዊን አግብታ እቴጌ ተባለች። ባሏና አፄ ሣህለ ድንግል እየተፈራረቁ ሲነግሡና ሲወርዱ፣ የዙፋኑ ክብር ምን ያህል እንደ ወረደ ከዚህ ይታወቃል።

ዓሊ አድጎ ሥልጣኑን በእጁ ካደረገም በኋላ ያገዛዙ ዘዴ ያው የጉባኤው ዘዴ ነበር፤ ማግባባት፣ መዳር፣ ይቅር ማለት። በየካቲት 1834 ዓ.ም. የሰሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ገጠመው። ዓሊ ተሸንፎ ሸሸ። ውቤ ግን በድንኳኑ ድሉን ሲያከብር የዓሊ ዘመድ ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ማረከው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ዕድል ለማንም ሁለት ጊዜ አይመጣም። ራስ ዓሊ ግን ውቤን ለቆ ወደ ግዛቱ እንዲመለስ ፈቀደለት። ብዙዎች ይህን ድካም ይሉታል። ውቤን ቢያጠፋ ኖሮ ግን ትግሬን ለማን ይሰጥ ነበር? ለአንዱ ዘመድ ቢሰጥ ሌላው ዘመድ ያምፃል። የሾመው ጉባኤ እንዳይወስን አድርጎ ነበር የሾመው።

በ1842 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ከብሩ ጎሹ ጋር ሲዋጋ ሳለ ከእንግሊዙ ቆንሲል ከፕላውደን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ከውሉ ብዙ ጥቅም ይገኛል ብሎ ያመነ አይመስልም፤ የተገኘም የለም።

የቋራው ካሣ ሲነሣም ያው ዘዴ ተሠራበት። የዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ካሣ ግን ጋብቻውን ተቀብሎ ንቀቱን አልተቀበለም። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን ወግቶ አቍስሎ ማረካት፤ ልጇም እርስዋን ለማስፈታት ለካሣ ደጃዝማችነትና ግዛት ሰጠ። ለጥቂት ዓመታት በሰላም ከቆዩ በኋላ ዓሊ የካሣን ግዛት ለጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ሰጠ፤ ጎሹም በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ሞተ። በሚያዝያ ወር የዓሊና የውቤ ጦር ታቁሳ ላይ ድል ሆነ። ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. በጎጃም አይሻል ላይ ዓሊ ራሱ ገጠመ። በዚያ ሜዳ የዘመነ መሳፍንት ዋና ኃይል የነበረው የየጁ ፈረሰኛ ተሰበረ።

ራስ ዓሊ ሸሽቶ በመጨረሻ ወደ ዘመዶቹ አገር ወደ የጁ ገባ። የወረሼህ ታላላቆች ሌላ ራስ ለመምረጥ ደብረ ታቦር ላይ ዳግመኛ አልተሰበሰቡም። ካሣ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ ተዋበች ከባሏ ጋር ነበረች፤ በአባቷና በባሏ ጠብ መካከልም ባሏን አልከዳችም። በ1850 ዓ.ም. ሞተች። አባቷ ከእርስዋ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል ኖሮ በ1858 ዓ.ም. ገደማ በየጁ ዐረፈ።