ዶክተር ሙሐመድ ሒልሚ፦ በበርሊን አይሁዳውያንን የታደገው ሙስሊም ሐኪም

ከአርጆ በታች የሚወርደው ደዴሳ ወንዝ ከዓባይ ጋር ተቀላቅሎ ካርቱም ይደርሳል። ዛሬ የምናወሳው ዶክተር ሙሐመድ ሒልሚ በ1901 እ.ኤ.አ. በዚያችው ከተማ ከግብፃዊ ቤተሰብ ተወለደ።

በ1922 ሕክምና ለመማር ጀርመን ገባ። ትምህርቱን ጨርሶ በበርሊን ሮበርት ኮክ ሆስፒታል ይሠራ ጀመር። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳውያን ባልደረቦቹ ሲባረሩ አየ፤ ቆይቶ ተራው የእርሱ ሆነ። የአርያን ዘር ስላልሆነ ሥራውን አጣ፤ ጀርመናዊት እጮኛውን ኤሚን እንዳያገባም ተከለከለ። በ1939 ከሌሎች ግብፃውያን ጋር ታሰረ፤ ከዓመት በኋላ በሕመም ምክንያት ተለቀቀ።

እንዲህ የተገፋ ባዕድ አንገቱን ደፍቶ ቢኖር ማን ይፈርድበታል? እርሱ ግን የበርሊን አይሁዳውያን ለሞት ሲጋዙ፣ የሚያውቀውን ቤተሰብ ልጅ አና ቦሮስን ከከተማው ዳር ባለች ጎጆው ሸሸጋት። አያቷን ደግሞ ፍሪዳ ስቱርማን የተባለች ተራ ጀርመናዊት ከዓመት በላይ ደበቀቻት፤ በራሽን የምታገኘውን ምግብም አካፈለቻት። ዶክተሩ የአናን እናትና እንጀራ አባትም ይረዳ ነበር።

በ1943 በበርሊን ከነበረው እስላማዊ ተቋም አና መስለሟን የሚገልጽ ወረቀት አስወጣላት፤ ቀጥሎም ግብፃዊ እንዳገባች የሚያሳይ የኒካሕ ሰነድ ተዘጋጀላት።

በ1944 ወላጆቿ ተይዘው ሲመረመሩ የሐኪሙ ስም ወጣ። እርሱም ፈጥኖ አናን ወደ ፍሪዳ ቤት ወሰዳት፤ ለፖሊሶቹም አታልላው ወደ አክስቷ እንደሄደች የሚገልጽ በእጇ የተጻፈ ደብዳቤ አሳይቶ አመለጠ። አራቱም የቤተሰቡ አባላት ከጦርነቱ ተርፈው አሜሪካ ገቡ።

ሒልሚ እዚያው በርሊን ቀረ፤ ኤሚንም አገባ፤ በ1982 አረፈ። በ2013 ያድ ቫሼም የተባለው የእስራኤል ተቋም ከዐረቦች የመጀመሪያው አድርጎ ስሙን ከታዳጊዎቹ ተርታ መዘገበው። ቤተሰቡ ከእስራኤል ሽልማት አንቀበልም ብለው ቆይተው፣ በ2017 አንድ ዘመዱ በርሊን ላይ ተቀበለለት።

እኛ ነጃሺ ለተሰደዱት ሰሃቦች መጠጊያ በሆነበት አገር የምንኖር ነን። ጎረቤት በማንነቱ ሲፈለግ በር መክፈት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ በወለጋም በሌላውም ክፍል ያለን ሰዎች አናጣውም። ሐኪሙ ሀብትም ሥልጣንም አልነበረውም፤ የነበረው ጎጆ፣ ወረቀትና የማይናወጥ ልብ ነው። ይህን ያህሉን ከእኛም ብዙው ሰው አያጣም።