ሩዝቬልት ያላገኙት ክኒን

የአሜሪካው 32ኛ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ብዙ ጊዜ የሚታወሱት እግራቸውን ሽባ ባደረገው ሕመም ነው። ለሞት ያበቃቸው ግን ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ አብሯቸው የኖረው የደም ግፊት ነበር።

እ.ኤ.አ በ1937 ግፊታቸው 162 በ98፣ በ1941 ደግሞ 188 በ105 ተለካ። ዛሬ ቢሆን የትኛውም ጤና ጣቢያ ሕክምና የሚያስጀምርበት ቁጥር ነው። የግል ሐኪማቸው ሮስ ማኪንታየር ግን የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት ነበሩ። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞችም ግፊት ከዕድሜ ጋር ከፍ ማለቱን እንደ ተፈጥሮ ያዩት ነበር።

በ1944 የጸደይ ወራት ፕሬዚዳንቱ ትንፋሽ እያጠራቸው ሲመጣ ሴት ልጃቸው አና ወትውታ አስመረመረቻቸው። ወጣቱ የልብ ሐኪም ሃዋርድ ብሩን ግፊታቸውን 186 በ108፣ ልባቸውንም ሰፍቶና ደክሞ አገኘው። ለልባቸው ዲጂታሊስ የተባለ መድኃኒት ሰጣቸው፤ ጨውና ሲጋራ እንዲቀንሱ፣ በቀን መሐል እንዲያርፉም አዘዘ። ሩዝቬልትም ታዘዙ። በቀን አንድ ፓኮ ገደማ የነበረው ሲጋራ ወደ አምስት ስድስት ወረደ፤ አናም ምግባቸውንና ዕረፍታቸውን ትከታተል ነበር። ትንፋሻቸው በሳምንታት ውስጥ ተሻለ። ግፊቱ ግን አልወረደም፤ በአስተማማኝ የሚያወርድ ክኒን ገና አልነበረምና።

የሚገርመው፣ ሩዝቬልት ምን እንደታመሙም ሆነ ምን እንደሚውጡ ሐኪሙን አልጠየቁም፤ ሐኪሙም እንዳይነግራቸው ታዞ ነበር። ሳይጠይቅ የሚታዘዝ ታካሚ እንደ እርሳቸው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ለምን እንደሚውጥ ካልገባው፣ ራሱን ሳያመው ሲቀር የዳነ መስሎት ክኒኑን ይተወዋል። ስለዚህ ጠይቁ፤ ግፊታችሁ ስንት እንደሆነም በቁጥር እወቁ።

ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ፣ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም፣ በግብፅ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው የጦር መርከብ ከዓፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ጆርጂያ ውስጥ ባለው ማረፊያቸው ተቀምጠው ሳሉ ጭንቅላታቸውን ክፉኛ አመማቸውና ራሳቸውን ሳቱ። ግፊታቸው 300 በ190 ሆኖ ነበር። በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ በፈሰሰ ደም፣ በ63 ዓመታቸው አረፉ።

በሽንት አማካይነት ግፊት የሚያወርደው የመጀመሪያው የታያዛይድ ክኒን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ በ1958 ነው፤ 13 ዓመት ዘግይቶባቸዋል። የዚያ ወገን የሆነው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዛሬ በአገራችን ጤና ጣቢያዎችም ይታዘዛል። ማታ ሲወሰድ ሽንት እያመላለሰ እንቅልፍ ስለሚነሳ ብዙዎች በዚሁ ተማርረው ያቋርጡታል፤ ጠዋት መውሰድ ይሻላል። ኢናላፕሪልም አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስይዘዋል፤ ሐኪሙ በሌላ ይለውጠዋል። ጾም ሲገባ የመዋጫው ሰዓት እንዲስተካከል ቀደም ብላችሁ አማክሩ፤ ክኒኑም ሳያልቅ ቀጠሯችሁን ጠብቁ። ቤት ውስጥ እንደ አና የሚያስታውስ አንድ ሰው ካለ ደግሞ፣ ከግማሽ በላዩ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።