ጆይስና የአባቴ ጠብታ

ጄምስ ጆይስን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት «ዩሊሲስ» በሚባለው ማንም በማይጨርሰው መጽሐፉ ነው። (እኔም አልጨረስኩትም፣ አልዋሽም።) ሰሞኑን ግን የማነበው ስለ ዓይኑ ነው። ምክንያቱ አባቴ። የግላኮማ ጠብታውን ካቆመ ሁለት ወር እንዳለፈው ያወቅኩት፣ ያልተከፈቱ ብልቃጦች ኮቱ ኪስ ውስጥ ሳገኝ ነው። ያዞረዋል አሉ፤ ደረጃ ሲወጣም ልቡ ይደክማል። ለማንም ሳይናገር ተወው።

ጆይስ እ.ኤ.አ. በ1882 ደብሊን ተወለደ። ገና በወጣትነቱ ዓይኑ እየቀላ ያሰቃየው ጀመር፤ የዓይኑ ባለቀለም ክፍል ይቆጣበት ነበር፣ ሐኪሞች አይሪትስ የሚሉት። በ1917 ዙሪክ ውስጥ መንገድ ላይ ሳለ ግላኮማው ድንገት ተነሳበት፤ በዚያው ዓመት ቀኝ ዓይኑን ኦፕራሲዮን ሆነ። በጠቅላላው በዓይኖቹ ላይ የተሠራው ኦፕራሲዮን ከአስር ይበልጣል።

ጉዱ ያለው መድኃኒቱ ላይ ነው። ለአይሪትስ አትሮፒን ይደረጋል፤ ብሌኑን ያሰፋል፣ ሕመሙን ያስታግሳል፣ ባለቀለሙ ክፍል ከሌንሱ ጋር እንዳይጣበቅም ይረዳል። ግን ብሌን ሲሰፋ በአንዳንድ ሰው የዓይን ፈሳሽ መውጫው ይዘጋና ግፊቱ ያሻቅባል። ለግላኮማ ደግሞ ከ1870ዎቹ ጀምሮ ፓይሎካርፒን ነበር። እሱ ብሌኑን ያጠባል፣ ግፊቱን ያወርዳል፤ ነገር ግን ቅንድብ አካባቢ ያማል፣ በምሽት እይታ ያጨልማል፣ የተቆጣ ዓይንን ደግሞ ያብሰዋል። አንዱን በሽታ ሲያክሙለት ሌላው ይነሳል ማለት ነው። ስኮፖላሚንም ሰጥተውታል፤ አፍ የሚያደርቅ፣ ሲበዛ የሚያቃዥ መድኃኒት። አልቅትም ዓይኑ አጠገብ አስጠብተውታል።

በዚህ መሃል «ዩሊሲስ» 40ኛ ልደቱ ቀን፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1922 ፓሪስ ውስጥ ወጣ። ቀጣዩን መጽሐፉን 17 ዓመት ያህል ለፋበት፤ አንዳንዴ በወፍራም ባለቀለም እርሳስ፣ ፊደሉን አግዝፎ እየጻፈ። በጃንዋሪ 1941፣ በ58 ዓመቱ፣ ዙሪክ ውስጥ ሞተ። የገደለው ዓይኑ ሳይሆን የአንጀት ቁስል ነው።

የአባቴ ጠብታ ቲሞሎል ነው። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1978፣ ጆይስ ከሞተ 37 ዓመት በኋላ ነው። ዓይን ላይ ቢንጠባጠብም በእንባ መውረጃው በኩል አፍንጫ ገብቶ ደም ውስጥ ይደርሳል፤ የልብ ምት ያዘገያል፣ አስም ላለበት ደግሞ አደገኛ ነው። እንግዲህ አባባ ውሸቱን አልነበረም። መድኃኒቱን ሲያዙለት ስለ ልቡ የጠየቀው ሰው የለም፤ እሱም አልተናገረም። የጠፋው እይታ ደግሞ አይመለስም።

ባለፈው ሳምንት ይዤው ሄድኩ። ጠብታው በላታኖፕሮስት ተቀየረለት፤ ማታ ማታ አንድ ጊዜ። ሐኪሟ የዓይኑን የአፍንጫ በኩል ጥግ ሁለት ደቂቃ ያህል እንዲጫን አሳየችው፤ ሰዓቱን በስልኬ የምይዝለት እኔ ነኝ። ሽፋሽፍቱን ሊያስረዝመው እንደሚችልም ነገረችው። እህቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ ኩል ልግዛልህ እያለች ታበሽቀዋለች።