የቅጠልን እንቅስቃሴ ለመለካት ዕድሜውን የሰጠው ጃጋዲሽ ቦስ

ሚሞሳ የተባለው ተክል ሲነኩት ቅጠሉን ያጥፋል፤ ይህን ማንም ያያል። ከተነካበት ቅጽበት አንስቶ መንቀሳቀስ እስኪጀምር የሚያልፈውን ጊዜ ግን ዓይን ሊለካው አይችልም። ሕንዳዊው ሳይንቲስት ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ከዕድሜው ብዙውን የሰጠው እንዲህ ላሉ ረቂቅ ልኬቶች ነበር።

ቦስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 በቤንጋል፣ ዛሬ ባንግላዴሽ በምትገኘው ማይመንሲንግ ተወለደ። በእንግሊዝ ተምሮ በ1885 በካልካታው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ፊዚክስ ማስተማር ሲጀምር፣ ሕንዳዊ በመሆኑ ከአውሮፓውያኑ ያነሰ ደመወዝ ተመደበለት። ገንዘቡን አልነካም ብሎ ሦስት ዓመት አስተማረ፤ በመጨረሻም ሙሉ ደመወዙ ከነውዝፉ ተከፈለው።

አስቀድሞ የታወቀው በሬዲዮ ሞገድ ምርምሩ ነው። ፊቱን ወደ ዕፅዋት በመለሰ ጊዜ ግን ተቃውሞ ገጠመው። በ1901 ለንደን በሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ ያቀረበውን ጥናት ታዋቂው የፊዚዮሎጂ ሊቅ በርደን ሳንደርሰን ነቀፈው፤ ጽሑፉም ሳይታተም ቀረ። ቦስ ከዚያ በኋላ ተክሉ ራሱ የሚጽፍበትን መሣሪያ ወደ መሥራት አዘነበለ።

ችግሩ ሰበቃ ነበር። የቅጠል ጉልበት ደካማ ነው፤ ጥላሸት በተቀባ መስታወት ላይ መጻፊያ ጫፍ እንዲጎትት ቢደረግ ሰበቃው እንቅስቃሴውን ይገታዋል፣ የተጻፈውም መሥመር ይዋሻል። ቦስ መጻፊያው በሰከንድ 100 ጊዜ እየተርገበገበ መስታወቱን ለቅጽበት ብቻ እንዲነካ አደረገ። መሥመሩ ወደ ነጠብጣብ ተለወጠ፣ ሰበቃውም ከሞላ ጎደል ጠፋ። በሁለት ነጠብጣቦች መካከል ያለው ርቀት የሰከንድ መቶኛ በመሆኑም ያው መዝገብ ሰዓት ሆኖ አገለገለ። ከሥራዎቹ ሁሉ ብልሃቱ የሚደነቀው ይኸኛው ነው።

የበለጠ ዝና ያገኘው ግን የዕፅዋትን እድገት 10,000 ጊዜ አጉልቶ የሚያሳየው ክሬስኮግራፍ ነው። አጉሊ መሣሪያ ስሕተትንም አብሮ ያጎላልና፣ በማግኔት የሚሠራው ተከታዩ ሚሊዮን ጊዜ ያጎላል ሲባል ለንደን ውስጥ ጥርጣሬ ተነሣ። በ1920 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን በሊቃውንት ፊት ሙከራ ተደረገ፤ የተመለከቱትም መሣሪያው በትክክል እንደሚመዘግብ በጋዜጣ መሰከሩ። በዚያው ዓመት ሮያል ሶሳይቲ አባል አድርጎ መረጠው።

ልኬቱ ቢታመንለትም ትርጓሜው ሁሉ አልጸናም። ውሃ በግንድ ውስጥ የሚወጣው በሕዋሳት ትርታ ነው የሚለውን ሐሳቡን ሳይንስ አልተቀበለውም። በሚሞሳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክት እንደሚተላለፍ ግን ዛሬ የታወቀ ነው። ቦስ በ1937 አረፈ፤ መሣሪያዎቹ በ1917 ካልካታ ላይ ባቋቋመው የምርምር ተቋም ተጠብቀው ይገኛሉ።