ስሟ ያልታተመው ተራኪ፦ ሜሪ ላም እና የሼክስፒር ተውኔቶች ለወጣት አንባብያን

የታወቁ ተውኔቶችን ለወጣቶች በልብ ወለድ መልክ እንደገና መጻፍ ዛሬ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የተለመደ ሥራ ነው። ይሁንና ሥራው ብዙ ጊዜ የዋናው ድርሰት ማሳጠሪያ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሜሪ ላምን ሕይወት በመቃኘት፣ ተውኔትን ወደ ትረካ መለወጥ ራሱን የቻለ የድርሰት ሥራ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል።

ሜሪ እ.ኤ.አ. በ1764 ለንደን ውስጥ ተወለደች። አባቷ የሕግ ባለሙያዎች በሚኖሩበት በኢነር ቴምፕል ግቢ የአንድ ጠበቃ ጸሐፊና አገልጋይ ስለነበር፣ ከአሠሪው መጻሕፍት ገና በልጅነቷ የማንበብ ዕድል አገኘች። ካደገች በኋላ የሴቶች ልብስ እየሰፋች ቤተሰቡን ትደጉም፣ አቅመ ደካማ እናቷንም ታስታምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1796 የአእምሮ ሕመም ተነሥቶባት እናቷን በቢላ ወግታ ገደለች። ድርጊቱ በሕመም ምክንያት የተፈጸመ መሆኑ ስለተወሰነ ከቅጣት ዳነች። በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጸሐፊ የነበረው የ21 ዓመቱ ወንድሟ ቻርልስ ሊጠብቃት ኃላፊነት ወሰደ። አባታቸው እ.ኤ.አ. በ1799 ከሞተ በኋላ ሁለቱ በአንድ ቤት ኖሩ፤ ሕመሙ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ይመላለስባት ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1807 ከሼክስፒር የተወሰዱ ተረኮች የተሰኘው መጽሐፍ በዊሊያም ጎድዊን የልጆች መጻሕፍት ድርጅት አማካይነት ታተመ። መጽሐፉ 20 ተውኔቶችን በስድ ንባብ ይተርካል። ከእነዚህ 14ቱን የጻፈችው ሜሪ ስትሆን፣ ቻርልስ እንደ ሐምሌትና ንጉሥ ሊር ያሉትን ስድስት ትራጄዲዎች ጽፏል። መቅድሙ ሥራው በተለይ ለወጣት ሴቶች መታሰቡን ይገልጻል፤ ወንዶች ልጆች ወደ አባታቸው ቤተ መጻሕፍት ቀደም ብለው ሲገቡ፣ እኅቶቻቸው ይህ ዕድል አልነበራቸውምና።

የሜሪ የአጻጻፍ ስልት ከማሳጠር ያለፈ ነው። በመድረክ ላይ ቴምፔስት የሚከፈተው በማዕበል በተመታ መርከብ ውስጥ በመርከበኞች ጩኸት ነው። ሜሪ ግን ትረካዋን በደሴቲቱ፣ በሽማግሌው ፕሮስፔሮና በልጁ በሚራንዳ ትጀምራለች፤ አንባቢዋም የዕድሜ እኩያዋን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ታገኛለች። ትዌልፍዝ ናይት በተሰኘው ተውኔት ደግሞ የማልቮሊዮን ንዑስ ታሪክ ሙሉ በሙሉ ትታ ታሪኩን በቫዮላ ዙሪያ አዋቅራለች። የምልልሱ ቦታ በተራኪ ድምፅ ሲተካ፣ ምን እንደሚቀድም፣ ምን እንደሚቀርና ታሪኩ በማን ዙሪያ እንደሚዞር የሚወስነው ጸሐፊው ነው። ይህም የደራሲ ውሳኔ ነው።

ያም ሆኖ መጽሐፉ ሲወጣ በርዕስ ገጹ ላይ የሰፈረው የቻርልስ ስም ብቻ ነበር። የሜሪ ስም የታከለው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የሴቶችን ያልተከፈለ ድካም ጉዳይ ራሷም አስባበታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1815 በብዕር ስም ባሳተመችው የመርፌ ሥራን የሚመለከት መጣጥፍ፣ ባለጸጋ ሴቶች በቤታቸው ያለ ክፍያ የሚሰፉት ስፌት በመርፌ የሚተዳደሩትን እንደሚጎዳና የራሳቸውንም ጊዜ እንደሚበላ ተከራክራለች። ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1834 ሲሞት እሷ እስከ 1847 ኖረች፤ በኤድመንተን ከወንድሟ ጋር በአንድ መቃብር ዐርፋለች።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሊሳ ክላይን ኦፊሊያ በተሰኘው የወጣቶች ልብ ወለዷ የሐምሌትን ታሪክ ከኦፊሊያ ዕይታ ተርካለች። የሜሪ ትረካ ከተውኔቶቹ ፍጻሜ የማይወጣ ሲሆን፣ ክላይን ፍጻሜውን እስከ መለወጥ ትደርሳለች። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን ወጣቷን ሴት ወደ ታሪኩ መካከል የማምጣት ምርጫ ነው። ስለዚህ የዘመናችንን የወጣቶች ልብ ወለድ የሚያጠና ተመራማሪ፣ የሜሪን 14 ትረካዎች ከቻርልስ ስድስቱ ለይቶ፣ የራሷ ድርሰቶች አድርጎ ሊያነባቸው ይገባል።