ጄኔራል ዊንጌትና የጎጃም ቁማር

ጄኔራል ኦርድ ቻርልስ ዊንጌት በ1895 ዓ.ም. በሕንድ አገር ከወታደር ቤተሰብ ተወለዱ። ስለ ልጅነታቸው ብዙ አንልም፤ ዛሬ የምናነሣው የጎጃሙን ዘመቻ ነውና።

ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የሚጫወቱ አንባቢዎቻችን ይህን ሒሳብ አያጡትም። መሐል ላይ 300 ብር ተከምሮ፣ ለመቀጠል 100 ብር የተጠየቀ ሰው ከአራት ጊዜ አንዱን ብቻ ቢረታ አይከስርም። ከዚያ የበለጠ ተስፋ ይዞ ካርታውን ቢጥል ግን ሞኝነት ነው።

በ1933 ዓ.ም. ዊንጌት ሁለት ሺህ የማይሞሉ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ይዘው፣ ጦራቸውን እጅግ ብዙ አስመስለው ጎጃም ገቡ። ጠላት ገና ሳይደርሱበት ዳንግላንና እንጅባራን ለቀቀ። በየካቲት መጨረሻም ኮሎኔል ናታሌ በቁጥር የሚበልጥ ጦር ይዞ ሳለ፣ ቡሬን ጥሎ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። እንደ እኛ አስተያየት ጥፋቱ ፍርሃት ብቻ አይደለም። አንድ ሻለቃ ጦር አስወጥቶ ቢፈትን የሚከስረው ጥቂት፣ የሚያተርፈው ግን ጎጃምን በሙሉ መሆኑን አላሰላም። እርግጥ ነው፣ ዊንጌት ካርታ ብቻ አልያዙም፤ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ያሰለፏቸው አርበኞች ማስመሰል አልነበሩም። ይህን የሚዘነጋ ታሪክ ጸሐፊ ሲበዛ እናዝናለን።

ግንቦት 15 ቀን 1933 ዓ.ም. ኮሎኔል ማራቬንታኖ ብዙ ሺህ ሰው ይዞ በአጊባር እጁን ሰጠ። ዊንጌት በመጋቢት 1936 ዓ.ም.፣ በበርማ ዘመቻ ላይ ሳሉ፣ አውሮፕላናቸው ወድቆ በ41 ዓመታቸው ሞቱ። ዐፅማቸው አብረዋቸው ከሞቱት ጋር በአንድ መቃብር፣ በአሜሪካ አርሊንግተን ያርፋል።